ሐረር ቢራ የማን ነው?

ከወለንጪቲ ተነስቶ የየአካባቢውን ቢራ በየተጠመቀበት ልቅመስ ያለ መንገደኛ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል፤ መተሐራን፣ አዋሽ ሰባትን፣ ጭሮን አልፎ ሐረር። ለመሆኑ ሐረር ቢራ የሐረር ነው? መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ሐረርንና በደሌን በ163 ሚሊዮን ዶላር ለሆላንዱ ሃይኒከን ሸጧቸዋል። መሸጡ በራሱ አይከፋም፤ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገን ነበር። የሚከፋው ቢራ ሲባል ትልቅ ፋብሪካ ብቻ የሚታየን መሆኑ ነው። ጌሾና ብቅል አዋህዳ በጋን የምትጠምቀው ጠላ ሻጭ ከፈረንጅ አነስተኛ ጠማቂ በምን ታንሳለች? (ፈረንጅ ብትሆን ካርታ ላይ በሰፈረች!) የከተማ አስተዳደሮች ንጽሕናዋን ተቆጣጥረው፣ ፈቃድ ሰጥተው ቢያስተዋውቋት መንገደኛው ከወለንጪቲ ሳይርቅ በቀመሰ ነበር። ሐረር ድረስ ለሚሄድ ግን አስቀድሞ የማይጠጣ ሾፌር ይፈልግ፤ እስከ አዋሽ ያለው የጅቡቲ ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት መንገድ ነው።