ከሽምደዳ በፊት ማስተዋል
የማባዛት ሰንጠረዥን በዜማ እያስደገሙ ማስሸምደድ ብቻውን ልጆችን የስሌት ባለቤት አያደርጋቸውም፤ ምክንያቱም 7 በ8 ሲባዛ ስንት እንደሚሆን የዘነጋ ተማሪ መልሱን እንደገና የሚያገኝበትን መንገድ ካልተማረ፣ ያለው ምርጫ መገመት ወይም በጣቱ መቁጠር ነው። በአንጻሩ እጥፍ ማድረግን፣ ማለትም አንድን ቁጥር በራሱ ላይ መደመርን፣ የለመደ ልጅ ከ7 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 28፣ ከ28 ወደ 56 እያለ ከመልሱ ይደርሳል፤ ይህም የጥንት ግብፅ ጸሐፍት ከ3,500 ዓመታት በፊት በፓፒረስ ላይ ያሰፈሩት የማባዛት ስልት መሠረት ነው። 14ን በ6 ለማባዛት የፈለገ ተማሪም 14ን ወደ 10 እና 4 ከፍሎ፣ 60ንና 24ን ደምሮ 84 ሲያገኝ፣ የሂሳብ ሊቃውንት የስርጭት ሕግ የሚሉትን፣ ቁጥርን በትኖ እያንዳንዱን ክፍል የማባዛትን መርሕ፣ ስሙን ሳያውቅ ይሠራበታል። የሚባዙት ቁጥሮች ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ እንደማይለወጥ የተረዳ ልጅ ደግሞ፣ ከ1 እስከ 10 ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ካሉት 100 ብዜቶች ማወቅ ያለበት 55ቱን ብቻ ነው። ስለዚህ በቃል መያዝ አይናቅ፤ ነገር ግን የማስተዋል ማጽኛ እንጂ ምትክ አይሁን፤ መምህሩም «ስንት ሆነ?» ብሎ ከማቆም ይልቅ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅን ልማድ ያድርግ።