ለዲኤክሷ የትኛው ሞተር?

"ቲቸር፣ ዲኤክሷ ላይ የቱን ሞተር እንግጠምላት?"

ይቺ ጥያቄ ከአምስት የቀድሞ ተማሪዎቼ በየተራ መጥታልኛለች። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው አልኩ፤ ጥያቄው የአምስቱ ብቻ አይደለማ። ከሸዋሮቢት እስከ ካራቆሬ ባሉት ጋራዦች እጁን ግሪስ የነካው ወጣት ሁሉ አንድ ቀን የውድድር መኪና መሥራት ያምረዋል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ በእቁብ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ገዝተዋል፤ በኮዷ ኬኢ70 የምትባለዋን፣ በኋላ ጎማ የምትገፋዋን። ሐሳባቸው አዲስ አበባ ላይ በአማተሮች ውድድር መግባት ነው። አሁን ሁለተኛው እቁብ ሊወጣ ነው። አንደኛው ልጅ ደግሞ ከቤተሰቡ የማሾ ሽያጭ የደረሰውን ሊጨምርበት ነው። ይህ ገንዘብ በሙሉ አንድ ሞተር ላይ ሊውል ተቃርቧል። እኔ የምቃወመው ይሄንን ነው።

ውድድሩን አልቃወምም። "ዳቦ ሳይጠገብ የምን የመኪና እሽቅድምድም ነው" ለሚሉትም መልስ አለኝ። የመኪና ውድድር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአብዮቱ በፊት ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር በዚህችው ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ይካሄድ ነበር። ደግሞ ከተማችን በ2013 ከነደደች በኋላ ከባዶ ተነስተው ሥራ የጀመሩ ልጆች አንድ የሚያኮራ ነገር በእጃችን እንሥራ ቢሉ ምኑ ነው ነውሩ? ለመካኒክ ከውድድር መኪና የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

አቋሜ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ሞተር የሚቀየረው መጨረሻ ላይ ነው። መቀየር ካለበትም ከራሷ ከመኪናዋ ዘር ይሁን።

አሁን የቀረቡልኝን ምርጫዎች አንድ በአንድ ልያቸው።

1. የ"ኤኢ86"ቱ ሞተር፣ 4ኤ-ጂኢ። ልባችሁ ያለው እዚህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቪዲዮውን ሁላችንም አይተነዋል። 1587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ ሁለት ካምሻፍት፣ በጊዜው ድንቅ ሞተር ነበር። ግን ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመጣ ሞተር ነው፤ ዛሬ ዓለም ላይ ያለ አድናቂ ሁሉ ስለሚፈልገው ዋጋው የሞተር ሳይሆን የቅርስ ሆኗል። ቴስታታው ቢሰነጠቅ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ "ሌላ ስጠኝ" የምትሉት ዕቃ አይደለም። አንድ ጊዜ ከተበላሸ መኪናዋ ጋራዥ ጥግ የዶሮ ማደሪያ ትሆናለች።

2. የቪትዝ ሞተር። "በየመንደሩ አለ፣ ዕቃው ይገኛል" ትላላችሁ፤ ልክ ነው። ግን ቪትዝ የሚነዳው በፊት ጎማ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ በአግድም የተቀመጡ ናቸው። ዲኤክስ ላይ ደግሞ ሞተሩ በቁመት ነው የሚቀመጠው፣ ጉልበቱም በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ዲፈረንሲያል ይሄዳል። ስለዚህ ሞተሩን ማዞር፣ ከሌላ ካምቢዮ ጋር የሚያገናኝ ብረት ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ፣ ማቀፊያውን እንደገና መበየድ፣ ገመዱንና ኮምፒውተሩን መዘርጋት፣ ግፊት ያለው የነዳጅ ፓምፕ መግጠም ሊኖርባችሁ ነው። ያ የሚያገናኘው ብረት በጥቂቱ እንኳ ከመሐል ቢዛነፍ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይበላዋል። ሞተሩን በርካሽ ገዝታችሁ ቶርኖ ቤቱን ታበለጽጋላችሁ።

3. የዳይሃትሱ ቴሪዮስ ሞተር፣ ኬ3-ቪኢ። ከቪትዙ ይሄ ይሻላል፤ 1298 ሲሲ ሆኖ ከመነሻው በቁመት የተቀመጠ ነው። የራሱን ካምቢዮ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ግን የገመዱና የኮምፒውተሩ ጣጣ እንዳለ ነው። እጃችሁ ሲፈታ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እናወራበታለን።

4. የሚኒባሱ ናፍጣ ሞተር፣ 2ኤል። 2446 ሲሲ መሆኑን ሰምታችሁ ነው። ይሄ ሞተር ጭነት ይዞ ጣርማ በርን ለመውጣት እንጂ ኩርባ ላይ ለመፍጠን አልተሠራም። ክብደቱ በሙሉ ፊት ላይ ይወድቅና መሪውን ስታዞሩ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ይለፈኝ።

5. 5ኬ እና 7ኬ። አሁን ወደ ቤተሰብ መጣን። ዲኤክሷ ላይ ያለው 4ኬ ነው፣ 1290 ሲሲ። ይህ የኬ ዘር በ1966 ከመጀመሪያዋ ኮሮላ ጋር የተወለደ፣ ቀላልና ታጋሽ ሞተር ነው። ታላቅ ወንድሙ 5ኬ 1486 ሲሲ ነው፣ በላይትኤስና በታውንኤስ መኪኖች ላይ ይገኛል። 7ኬ ደግሞ 1781 ሲሲ ነው። ካምቢዮው ይገጥማል። 5ኬ ከሆነ የዘይት ኮፓውንና ማቀፊያውን ከ4ኬው አዛውሮ ማስቀመጥ ነው፤ እናንተ በሁለት ቀን የምትጨርሱት ሥራ። 7ኬ ቁመቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቦታውን ለክታችሁ ነው የምትገዙት።

"ታዲያ 5ኬውን ነገውኑ እንግዛ?" አይደለም። ቆይ፣ መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ለፈተና ብቻ አልነበረም።

መኪናዋ 870 ኪሎ ትመዝናለች እንበል፣ 4ኬው ደግሞ 60 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል እንበል። አንድ ፈረስ 14.5 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው። አሁን የኋላ ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የበር ውስጥ ልባሱን፣ የማያስፈልገውን ላሜራ ሁሉ አውጥታችሁ 100 ኪሎ ቀነሳችሁ እንበል። ለአንድ ፈረስ የሚደርሰው ከ13 ኪሎ በታች ይሆናል። ይህንኑ ውጤት በሞተር ለማግኘት 8 ፈረስ ገደማ መጨመር ነበረባችሁ። 8 ፈረስ በነፃ! ያውም ፍሬኑም ጎማውም የሚያመሰግናችሁ 8 ፈረስ።

ሁለተኛው ሒሳብ የአየር ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ፣ 2400 ሜትር አካባቢ፣ በባሕር ወለል ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ "130 ፈረስ" ብላችሁ ያነበባችሁት ቁጥር አዲስ አበባ ሲደርስ መቶ እንኳ አይሞላም። ደግሞ አጣዬ ላይ፣ ከባሕር ወለል 1500 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ያስተካከላችሁት ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። ብዙ ሰው "ሞተሩ ደካማ ነው" ብሎ የሚጥለው ለቦታው ያልተስተካከለ ሞተር ነው። ውድድሩ ቦታ ሄዶ ካርቡራተር ማስተካከል ደግሞ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ዋጋው ላባችሁ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ከምታቃጥሉት ነዳጅ ጉልበት ሲሶ የሚሆነው በማቀዝቀዣው በኩል መውጣት አለበት። ሞተሩን ስታተልቁ ራዲያተሩንም ማተለቅ ግድ ነው። የይፋት ቆላ ሙቀት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዘው ለዚህ ነው። ስንቱ ሞተር ነው በአንድ ላላ ባለ ክዳን ምክንያት ቴስታታው የተጣመመው!

አራተኛውና ዋናው ፍሬን ነው። ከ80 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት ግን 2.25 እጥፍ ይሆናል፣ ምክንያቱም ፍጥነት በራሱ ይባዛል። ዲኤክስ ፍሬኗ የተሠራው ለዚያች ለትንሿ ሞተር ነው። ሞተሩን እጥፍ አድርጎ ፍሬኑን እንዳለ መተው ምን ማለት እንደሆነ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

አሜሪካ ውስጥ ከ2006 ጀምሮ የሚካሄድ "24 ሰዓት ኦቭ ሌመንስ" የሚባል የድሃ ሰው ውድድር አለ። መኪናዋ ከ500 ዶላር በላይ መፍጀት የለባትም ይላል ደንቡ። ልብ በሉ ግን፦ የደህንነት ዕቃው ከ500ው ውጭ ነው። ሮል ኬጅ የሚባለው ከውስጥ የሚታሰረው የብረት ቱቦ አጥር፣ ወንበሩ፣ ቀበቶው፣ ፍሬኑ፣ ጎማው አይቆጠርም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች በቀልድ የሚያምኑ ናቸው፤ በሰው ሕይወት ላይ ግን አልቀለዱም። ረጅም ውድድር ላይ ደግሞ ትልቁ ሞተር ሁሌ አያሸንፍም፤ ሳይቆም የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው።

ሌላም አለ። በብዙ አገር መኪኖች የሚወዳደሩት በሲሲ ተመድበው ነው። 1290 ሲሲ ከ1300 በታች ነው። ሞተር ስትቀይሩ ምድባችሁ ሊቀየር ይችላል፤ ያኔ ገንዘብ ከፍላችሁ ከባሰ ጠንካራ ተፎካካሪ ጋር ትመደባላችሁ። ስለዚህ አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ከአዘጋጆቹ ደንቡን በጽሑፍ ጠይቁ። በአፍ አይሆንም፣ በጽሑፍ።

የወረቀቱንም ነገር አትርሱ። ሊብሬው ላይ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም ተጽፏል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ሞተር ሲቀየር ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ደረሰኝና ዲክላራሲዮን የሌለው ሞተር ምን ርካሽ ቢሆን አትግዙ። የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ሞተሩም መኪናዋም እናንተም አንድ ላይ ጣቢያ ናችሁ።

"ለምን በኤሌክትሪክ አንሠራትም?" ያለኝም አለ። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ወደፊት የእናንተ እንጀራ እዚያ ነው፣ ከአሁኑ ተማሩት። ለዚህች መኪና ግን የባትሪው ዋጋ ብቻ እቁቡን ሦስቴ ይውጠዋል።

እንግዲህ እኔ ብሆን ገንዘቡን በዚህ ተራ አወጣዋለሁ፦

መጀመሪያ ፍሬን፦ ሸራው፣ ዲስኩ፣ ጎማ ቱቦው፣ ፈሳሹ ሁሉ አዲስ። ሁለተኛ የሹፌሩ ወንበር፣ ቀበቶ፣ ሄልሜትና ሮል ኬጅ፤ ብየዳውን ከእናንተ መሐል በጣም ጎበዙ ይሥራው፣ ሌላው ይፈትሸው። ሦስተኛ ጎማና መሪ። አራተኛ ራዲያተር። አምስተኛ 4ኬውን ፈታችሁ ሬክቲፊካ ማስገባት፣ ፋሻውን ቀይሮ፣ ቫልቩን አስተካክሎ እንደ አዲስ መግጠም። በዚህች መኪና አንድ ዓመት ተወዳደሩ። ሹፌሩ ከመኪናዋ በላይ ሲሆን፣ ማለትም "ሞተሯ አነሰኝ" ማለት የሚያስችል ችሎታ ሲኖረው፣ ያኔ 5ኬውን ግዙ። እኔም ከኪሴ አዋጣለሁ፣ እዚሁ ሰው ፊት ጽፌዋለሁ።

የመጨረሻው ቃሌ ከሞተር ምርጫው ይበልጥብኛል። መኪናዋን ስትሞክሩ ዋናው አስፋልት ላይ እንዳትሞክሯት። ያ መንገድ ከተማችንን መሐል ለመሐል ነው የሚያልፈው። ጠዋት ተማሪ ይሞላዋል። እሁድ ደግሞ ወደ ሰንበቴ ገበያ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ እናቶች ከነሸክማቸው ይሄዱበታል። የሚፈጥን ሞተር ስለገጠማችሁ እነሱ ቶሎ አይሻገሩላችሁም። አንድ ሕፃን ከተጎዳ ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ሜዳ ፈልጉ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ከተማ አስተዳደሩንም ጠይቁ። ጥያቄውን በደብዳቤ እናድርገው ካላችሁ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።

ትንሽ ሞተር ይዞ ጨርሶ የሚመለስ ቡድን ለአጣዬ ይበቃታል።

ሶማሌ ተራ የምትሠሩ፣ ሸዋሮቢትና ደብረ ብርሃን ጋራዥ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ 5ኬ ከነወረቀቱ የት እንደሚገኝና የ4ኬ ፋሻ አሁን በስንት እንደሚሸጥ ከሥር ጻፉላቸው። የምትቃወሙኝም ተቃወሙ፤ ግን ከነሒሳቡ ይሁን።