የክርስትና ስሙ የጠፋ ፋይል

ሰሜን ሸዋ፣ የሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ በነበረችው ሰላ ድንጋይ፣ ሰው ሲሞት ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሟቹ ዕድሜ ልኩን «በለጠ» ሲባል ኖሮ ይሆናል። ለፍትሐት ግን «በለጠ» አይሠራም። የክርስትና ስም መተተኛ እጅ እንዳይገባ ይደበቃላ! ታዲያ የሚያውቁት እናትና የንስሐ አባት ቀድመው ከሞቱስ? ጭንቁ ያኔ ነው።

እኔንም ሰሞኑን ይኸው ጭንቅ ገጠመኝ። በ2015 ክረምት ገበሬው በማዳበሪያ እጥረት ሲንገላታ እዚያው ሄጄ የአሥራ አንድ ሰዎች ድምፅ ቀድቼ ነበር። ገሚሱ «ስሜን ጻፈው፣ ምን ያመጣሉ!» አሉ። ገሚሱ ደግሞ «ልጄ፣ አደራህን፣ ስሜ እንዳይወጣ» አሉኝ። ይህን ያሉኝ መቅጃው ሳይከፈት ነው። እኔም ቃላቸውን በፋይሉ ስም ላይ ጻፍኩት፦ «እማማ እገሊት፣ ገብስ፣ ስም አይወጣ»። ከዚያ ጂፒጂ በሚባለው ፕሮግራም ቆለፍኩና ስሙም ራሱ ምስጢር ነው ብዬ ከውጭ 1፣ 2፣ 3 አልኳቸው። ብልጥ መሆኔ ነው!

ሰሞኑን ስከፍታቸው 1 ያው 1 ሆኖ ወጣ። 2ም 2። ድምፁ አለ፣ ባለቤቱ የለም። በተለይ የሁለት እናቶች ድምፅ ቁርጥ አንድ ነው። አንደኛዋ ፈቅደዋል፣ ሌላኛዋ ከልክለዋል። የትኛዋ ናቸው? ተሳስቼ ባወጣውስ?

እንደ እውነቱ ጂፒጂ ሲቆልፍ ዋናውን ስም ከውስጥ ይከተዋል። ሲከፍት ግን ካላዘዙት አያወጣውም፤ ከውጭ የተለጠፈውን ስም ቅጥያውን ቆርጦ ያስረክብዎታል። ክፋት አይደለም። የላከልዎት ሰው ከውስጥ በደበቀው ስም የራስዎን ፋይል ደርቦ እንዳያጠፋብዎት ነው። «ዩዝ ኢምቤድድ ፋይልኔም» የሚለውን ትእዛዝ ከጨመሩለት ስሙ ይመለሳል። የስሙ ቦታ 255 ባይት ነው። የፈረንጁ ፊደል አንድ አንድ ሲይዝ የእኛ ሦስት ሦስት ይበላል፤ 85 ፊደል መሆኑ ነው። ለገብስ ወሬ ይበቃል።

ዘጠኙ ስማቸውን ይዘው ተነሡ።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስቆልፈዋል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ይህችን ዘፈን እናውቃታለን! ሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን 9 ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ ማንም ከኢንተርኔት በነጻ የሚያገኘው «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለ የመረጃ አጠባበቅ መማሪያ በሽብር ክሳቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐምሌ 2007 የአምስቱ ክስ ተነሣ፣ ጥቅምት 2008 የቀሩት ከሽብሩ ክስ ነጻ ተባሉ። አዋጅ 652/2001ም በ2012 ተሻረ። ቁልፍ የያዘን ሁሉ በጥርጣሬ የሚያይ ዓይን ግን በአዋጅ አይሻርም።

ደግሞ እኛስ? ስንቱ የሙያ ባልደረባዬ ነው ፋይሉን ጥርቅም አድርጎ ቆልፎ ከላዩ «የአቶ እገሌ ቃለ ምልልስ» ብሎ የሚጽፍበት! ፍላሹን የነጠቀ ሰው መስበር እንኳ አያስፈልገውም፣ ማንበብ ብቻ ነው። ስምም እንደ ድምፁ ከውስጥ ይቆለፍ፣ ስንከፍትም መመለሱን አስቀድመን እንሞክረው ነው የምለው።

ሁለቱ ፋይሎች ግን በሌላ ፕሮግራም በኩል አሳልፌ የቆለፍኳቸው ስለነበሩ ስማቸው መጀመሪያውኑ አልገባም። የማን ሆኑ መሰላችሁ? የሁለቱ እናቶች! አላወጣኋቸውም። መንገዱ ሲቀና ሰላ ድንጋይ ሄጄ «እማማ፣ ይቺ ድምፅ የርስዎ ናት?» ብዬ ማሰማት ነው።