የፕሮሰሰር ገዢው ከኢንቴል ለመላቀቅ ለምን ዘገየ?

ኮምፒዩተር በብዛት የሚገዛ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ለቤቱ አንድ ላፕቶፕ እንደሚገዛ ሰው አያስብም። የግዢ ኃላፊው ከፍጥነትና ከዋጋ በፊት የሚያሰላው ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃው ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? ስመ ጥሩውን ገዝቶ ቢበላሽ ጥፋቱ የአምራቹ ነው። ብዙም ያልተለመደውን በርካሽ ገዝቶ ቢበላሽ ግን ተጠያቂው ራሱ ይሆናል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ስሌት ለኢንቴል ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ሠርቶለታል።

የሚገርመው ግን ተፎካካሪው ኤ.ኤም.ዲ. ወደዚህ ገበያ የገባው በገዢ ግፊት መሆኑ ነው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን በኢንቴል ፕሮሰሰር ሲሠራ በአንድ አቅራቢ እጅ መውደቅን አልፈለገም። ሁለተኛ አምራች እንዲኖር ጠየቀ፤ ኢንቴልም በ1982 ከኤ.ኤም.ዲ. ጋር ተዋዋለ። ያኔ ገዢው ጉልበቱን ያውቅ ነበር። ኋላ ላይ ግን ረሳው።

መርሳቱ በግልጽ የታየው በ2003 ነው። ኤ.ኤም.ዲ. ኦፕቴሮን የተባለውን የሰርቨር ፕሮሰሰር አወጣ። የቆየውን ባለ 32 ቢት ሶፍትዌር እንዳለ እያሠራ ወደ 64 ቢት የሚያሻግር ነበር፤ የኢንቴል አይታኒየም ግን ለአዲሱ ቺፕ ተብሎ የተዘጋጀ ሶፍትዌር ይፈልግ ነበር። ኢንቴል ራሱ በ2004 የተፎካካሪውን መንገድ ተከተለ። አይ.ቢ.ኤም.፣ ሰንና ኤች.ፒ. ኦፕቴሮንን ሲቀበሉ ዴል ግን እስከ 2006 ድረስ ኢንቴልን ብቻ ይዞ ቆየ።

ለምን? መልሱ በ2010 የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ነዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በዴል ላይ ባቀረበው ክስ ውስጥ ይገኛል። ኮሚሽኑ እንዳለው፣ ዴል የኤ.ኤም.ዲ.ን ፕሮሰሰር ባለመጠቀሙ ከኢንቴል የሚያገኘው ክፍያ በ2007 የበጀት ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ከሥራ ማስኬጃ ትርፉ 76 በመቶ ደርሶ ነበር። ዴል ክሱን ሳያምንም ሳይክድም 100 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። ኢንቴልም ቀደም ብሎ በ2009 ከኤ.ኤም.ዲ. ጋር የነበረውን ክርክር በ1.25 ቢሊዮን ዶላር ጨርሷል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ገንዘቡ ወደ ማን ኪስ እንደገባ ነው። ቅናሹን ያገኘው ኮምፒዩተሩን የገጣጠመው ኩባንያ ነው፤ አማራጩን ያጣው ግን የመጨረሻው ገዢ ነው።

እርግጥ ነው፣ ኤ.ኤም.ዲ.ም የተከፈተለትን በር በገዛ እጁ ዘግቷል። በ2007 ያወጣው ባለ አራት ኮር የሰርቨር ፕሮሰሰር ዘግይቶ መጣ፤ ጉድለትም ተገኘበት። ድርጅቶች ይህን ቶሎ አልረሱም። ቀጣዮቹ ዓመታት ኩባንያውን ከሰርቨር ገበያ ጨርሶ ሊያስወጡት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

የተመለሰው በ2017 ኢፒክ በተባለው ምርቱ ነው። በ2019 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ በአንድ ፕሮሰሰር 64 ኮር ሲይዝ፣ በብዛት የሚሸጡት የኢንቴል አቻዎች ከ28 አይዘሉም ነበር። ያም ሆኖ ቀድመው የተንቀሳቀሱት እንደ ማይክሮሶፍትና አማዞን ያሉ የክላውድ ድርጅቶች ናቸው። እነዚህ መብራትና ቦታን በሳንቲም የሚቆጥሩ ናቸው፤ የስም ፍርሃት የለባቸውም። መደበኛው ድርጅት ግን ከስም ሌላ እውነተኛ ወጪም ነበረበት። በኢንቴል ሰርቨር ላይ እየሠራ ያለን ቨርቹዋል ማሽን ሳያጠፉ ወደ ኤ.ኤም.ዲ. ሰርቨር ማዛወር አይቻልም። ግማሹን ከአንዱ፣ ግማሹን ከሌላው መግዛት ሁለት የተለያየ ጓዳ እንደ ማስተዳደር ነው። የሶፍትዌር ፈቃድም አለ። ቪ.ኤም.ዌር በ2020 አንድ ፈቃድ ከ32 ኮር በላይ እንዳይሸፍን ሲወስን ባለ 64 ኮሩ ፕሮሰሰር ሁለት ፈቃድ ጠያቂ ሆነ። ታዲያ የዘገየ ገዢ ሁሉ ሞኝ ነበር ማለት አይቻልም።

የድሮውን ስሌት የሰበረው ኢንቴል ራሱ ነው። በ2020 አዲሱ የማምረቻ ቴክኖሎጂው እንደሚዘገይ አስታወቀ። በ2024 ደግሞ የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ መረጋጋት አጥተው ዋስትናቸውን በሁለት ዓመት አራዘመ። «ከኢንቴል ከገዛሁ ማን ይጠይቀኛል» የሚለው መተማመኛ ዛሬ እንደ ድሮው አይሠራም። ግን ደግሞ ጠቅልሎ ወደ ኤ.ኤም.ዲ. መሮጥ ያንኑ ጥገኝነት አድራሻ ቀይሮ መግዛት ነው፤ የኤ.ኤም.ዲ. ዋና ዋና ፕሮሰሰሮች የሚመረቱት በታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ነውና። የሚያዋጣው አይ.ቢ.ኤም. በ1981 ያደረገው ነው፤ ዕቃው ከአንዱ ቢገዛም የሌላው ዋጋ ሁልጊዜ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

ጉዳዩ የአዲስ አበባን ኮምፒዩተር ነጋዴም ይመለከታል። ላፕቶፕ ፈላጊው ሱቅ ገብቶ «ኮር አይ ፋይቭ ነው ወይስ ሰቨን?» ይላል እንጂ ስንተኛ ትውልድ ነው ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ «ኮር አይ 7» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ድርጅትም ራይዘን ያለውን አቅራቢ ገና ከበር ይመልሳል፤ ትውልዱን ካልገለጸ ደግሞ አሥር ዓመት ያለፈው ፕሮሰሰር የሰነዱን ቃል አሟልቶ ሊገባለት ይችላል።