ጥሩንባ ያልተነፋላቸው

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ገና ጎሕ ሳይቀድ ጥሩንባ ይነፋል። ባለፈው ክረምት ግን ከግቢያችን ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ትኖር የነበረች ሴት ስታርፍ ጥሩንባው አልተነፋም። የእድር አባል አልነበረችም። ድንኳን አልተተከለላትም፤ ወንበሩና ብረት ድስቱም ከእድሩ ዕቃ ቤት አልወጣም። ጎረቤቶቿ ከቤት ቤት ዞረን ያገኘነውን አሰባስበን ቀበርናት። በሠልስቱ ዕቃዋን ስናነሣ ከትራሷ ሥር የሕክምና ካርዷን አገኘን። የደም ግፊት እንዳለባት ታውቆ መድኃኒት ታዝዞላት ኖሯል። ባዶው የኪኒን ማሸጊያ ካርዱ መካከል ተቀምጧል። ካለቀባት በኋላ ደግማ አልገዛችም። አንድ ቀን ጧት ከምጣዷ አጠገብ ወድቃ ተገኘች።

ለቀብሯ ያዋጣነው ገንዘብ የብዙ ወራት መድኃኒቷን ይገዛላት ነበር። ይህ ሐሳብ እስካሁን አልለቀቀኝም።

እድር ቀብር ማስፈጸሙን ብቻ ሳይሆን የታመመ ማሳከሙንም ይያዝ የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የጀመሩትም ጥቂት አይደሉም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። እድር የሚያውቀው በመዝገቡ ላይ ያለውን ሰው ነው። በየሰፈራችን ቶሎ የሚታመመውና ዘግይቶ የሚታከመው ደግሞ በአብዛኛው ከመዝገቡ ውጭ ያለው ነው፦ ክፍል ተከራይቶ በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይረው፣ የሰው ቤት ሠራተኛዋ፣ ከገጠር መጥቶ በግንባታ ሥራ የሚውለው ወጣት፣ መመዝገቢያና ወርኃዊ መዋጮ መክፈል አቅቷት የቀረችው አሮጊት። አንድ እድር ብቻውን እነዚህን ሁሉ ልሸከም ቢል ይወድቃል። በአንድ ሰፈር ያሉ እድሮች፣ ሰንበቴው፣ ጀመዓውና የሴቶች እድሩ ተባብረው ቢነሡ ግን የማይቻል አይደለም።

ደግሞም ተደርጎ ያውቃል። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ኤድስ ከተሞቻችንን ሲያራቁት ጥሩንባው በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይነፋ የነበረበትን ወቅት የሰፈራችን ሽማግሌዎች አይረሱትም። ወጣት ቀብሮ መመለስ የዕለት ሥራ ሆነ፤ የእድሮች ገንዘብ እየተሟጠጠ ሄደ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ እድሮች በኅብረት ተደራጁ። አስታማሚዎችን አሠለጠኑ፤ ታማሚውን ከነአልጋው ትቶ የሸሸውን ቤተሰብ መክረው መለሱ፤ ወላጅ አልባ የሆኑ ልጆችን ዩኒፎርምና ደብተር ገዝተው ትምህርት ቤት አስገቡ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ክፉ ዓመታት በየአልጋው አጠገብ ውኃ ይዘው የተቀመጡት፣ አብዛኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው የሰፈር ሴቶች ነበሩ።

ገጠሩ ዘንድ ብንሄድ ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። በወሎ ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ይይዛል። መንገድ በማይገባበት ቀበሌ ሰው ሲታመም ቃሬዛውን የሚሸከሙት እነዚያው ሟችን የሚሸከሙት ወንዶች ናቸው። ምጥ የጠናባትን እናት ተራ በተራ እየተቀባበሉ አቀበት ቁልቁለቱን አልፈው ጤና ጣቢያ ያደርሷታል። መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ካከፋፈለ በኋላም መኪናው እስከሚቆምበት አስፋልት ድረስ ያለውን መንገድ የሚሸፍነው ይኸው ትከሻ ነው። በየጤና ጣቢያው ለተሠሩት የእናቶች ማቆያ ቤቶች የገንፎ እህሉን፣ ቅቤውንና ማገዶውን የሚያዋጣውም ሕዝቡ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከከተማ እናቶች ከመቶ 79 ያህሉ በጤና ተቋም ሲወልዱ፣ ከገጠር እናቶች ግን ከመቶ 20 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው ጥናት የገጠሩ ቁጥር ወደ 40 ከፍ ብሏል። ከዚህ ውጤት በስተጀርባ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምና ቤት ለቤት የሚዞሩት ሴቶች እንዳሉ ሁሉ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹም አሉ። ስማቸው ግን በሪፖርት ላይ አይጻፍም።

ወደ ከተማችን ልመለስ። በ2007 ዓ.ም. የተደረገ ሀገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከእነዚህም የሚበዙት መድኃኒት የማይወስዱ ናቸው። ግፊት ጮኾ አይመጣም። የሚገኘው ሲለኩት ነው። ሰው ደግሞ ሳያመው ሥራውን ትቶ ለመለካት ጤና ጣቢያ አይሰለፍም። እድርተኛው ግን በወር አንድ እሑድ ከያለበት ይሰበሰባል። ቀሪ ይቀጣል። ከዚህ የተሻለ የመለኪያ ቀን ከየት ይገኛል? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መለኪያዋን ይዛ ከገንዘብ ያዡ አጠገብ ብትቀመጥ፣ መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ክንዱን ዘርግቶ ይሄዳል። ጎረቤቱን ተከራይም አብሮ ይዞ ይምጣ።

ሁለተኛው ጉዳይ የጤና መድኑ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ የሀገሪቱ ክፍል ተዳርሷል። ለድሃው የመንግሥት ድጎማ አለው፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ድጎማው የሚደርሰው ስሙ በድሃ ዝርዝር ውስጥ ለተካተተ ሰው ነው፤ ለመካተት ደግሞ የሚያውቀው ሰው ያስፈልገዋል። የነዋሪነት መታወቂያ የሌላት፣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱም ስሟን የማያውቀው እንጀራ ጋጋሪ በየትኛው ዝርዝር ትግባ? እዚህ ላይ ነው የእድሮች ኅብረት የሚያስፈልገው። እያንዳንዱ እድር የራሱን መንደር ይዞ፣ በየግቢው ያሉ የጓሮ ክፍሎችን ሳይቀር ቆጥሮ ማን አባል እንዳልሆነ፣ ማን መድን እንደሌለው መዝግቦ ለወረዳው ማቅረብ ይችላል። ወረዳው ያልሸፈነውን ጥቂቱን ደግሞ እድሮቹ በጋራ ይሸፍኑት።

መድን ያላቸውም ቢሆኑ ችግር አላቸው። ካርዳቸውን ይዘው ሄደው «መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ ከውጭ ግዙ» ተብለው የተመለሱ ስንት ናቸው! አንድ ታማሚ ብቻውን ቢያማርር ሰሚ የለውም። የሃያ እድር ዳኞች ተሰብስበው የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ለምን ብለው ቢጠይቁ ግን መልስ ሳይሰጣቸው አይመለሱም። ለእኔ የኅብረቱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ገንዘቡ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በስብሰባ ላይ ይህን ሳነሣ አንድ አባት የመለሱልኝን በቀላል አላየውም። «ልጄ፣ ይህ ገንዘብ የቀብሬ ነው። እናንተ ለታማሚ አውጥታችሁ ስትጨርሱ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እድር አደራ ነው፤ አደራ አይነካም። ስለዚህ የጤናው ገንዘብ ከቀብሩ ተለይቶ፣ በራሱ መዝገብና በራሱ ሒሳብ፣ አባላት ወደው በሚጨምሯት ትንሽ ብር መጀመር አለበት። ሌላም ሥጋት አለ፦ እድሩ የቀበሌ ቅርንጫፍ እንዳይሆን። እድሮች ብዙ ሥርዓት ያለፉት ራሳቸውን ችለው በመቆማቸው ነው። ከወረዳው ጋር ይሥሩ፤ መዝገባቸውና ዳኛቸው ግን የራሳቸው ይሁኑ።

ጊዜ የማይሰጠው ደግሞ የመፈናቀሉ ነገር ነው። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በቀጣዩም ዓመት ካዛንቺስ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደተለያየ የከተማ ዳር ተበትኗል። ቤት የተሰጠው አለ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ውስጥ በደባልነት ይኖር የነበረው ግን ምንም ሳያገኝ የሄደ አለ። የእድሩ ድንኳን ከአንዱ ጋር፣ መዝገቡ ከሌላው ጋር ቀርቷል። የስኳር ሕመምተኛው ክትትሉ ካለበት ጤና ጣቢያ ሁለት ታክሲ ርቋል፤ አዲሱ ሰፈር ደግሞ ገና የሚያውቀው ሰው የለም። የተበተኑ እድሮች ዳኞች ሆይ፣ መዝገቡን አትዝጉት። አባሎቻችሁ የት እንደደረሱ፣ ከእነሱም ማን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቃችሁ ለተቀበላቸው ሰፈር እድር አስረክቡ። ተቀባዮቹም የመመዝገቢያውን ክፍያ ለእነዚህ ሰዎች አንሡላቸው።

በሰፈራችን ስድስት እድሮች አሉ። የሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባችን የወሩ ሁለተኛ እሑድ ላይ ነው፤ የስድስቱም ዳኞች እንዲገኙ ጠይቄያለሁ። አንባቢዬ፣ አንተም አንቺም በየእድራችሁ ይህን ጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ከግቢያችሁ ጀርባ ያለችውን ክፍል አንኳኩና መድኃኒቷ አልቆባት እንደሆነ ጠይቋት።