አሮጌው ውሻ በቡችላው ምክንያት ከግቢ አይባረር



በዚህ ዕትም ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም በየግቢያችን ስላሉት ውሾች ነው። ስለ ውኃ፣ ስለ ጥበቃ መዋጮና ስለ ቦይ ጽዳት በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ስለ ቡችላ መጻፍ ምን አመጣው የሚል ቢኖር፣ ትንሽ ታግሦ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንለምነዋለን። ነገሩ የውሻ ብቻ ሳይሆን የልጆቻችንም ጉዳይ ነውና።

እንደሚታወቀው በሰፈራችን ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ውሻው ሲያረጅ፣ ጆሮው ሲደክምና የሌሊት ጩኸቱ ሲቀንስ ባለቤቱ ተተኪ ቡችላ ያመጣል። ይህ ደግ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ክፋቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አሮጌው ውሻ በቡችላው ላይ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያገጣል፣ አንዳንዴም ይነክሰዋል። በዚህን ጊዜ «ቀንቶበታል፣ ሊገድለው ነው» ይባልና አሮጌው በመኪና ተጭኖ ራቅ ካለ ቦታ ይጣላል፤ ወይም በሩ ይከፈትለትና «ሂድ ውጣ!» ይባላል። ስምንት ዘጠኝ ዓመት በብርድና በዝናብ በር ሲጠብቅ የኖረ እንስሳ ባንድ ቀን ባለቤት አልባ ሆኖ ያድራል።

በበኩላችን ይህ አድራጎት በሁለት በኩል ጥፋት ነው እንላለን። አንደኛ ነገር ውለታ መካድ ነው። ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲባል ሰምተን አድገናል። እሱ የበላበትን ቤት ሳይከዳ ቤቱ እሱን ሲከዳው ያየ ልጅ ምን ይማራል? ሁለተኛ ነገር፣ የተጣለ ውሻ ተነነ ማለት አይደለም። ከኛ ግቢ ቢጠፋ ከሌላ ሰፈር መንገድ ላይ ይገኛል፤ እነሱ የጣሉትም ወደኛ ይመጣል። ከቆሻሻ ገንዳ ይበላል፣ ከሌሎች ጋር ይናከሳል፣ የየዓመቱ ክትባቱም ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። ከ100 ሟቾች 99ኙ በሽታው የደረሰባቸው ከውሻ ሲሆን፣ 40 ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግዲህ ማታ በራችን ላይ የሚጣለውን ውሻ ጠዋት ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆቻችን ናቸው የሚያገኙት።

ታዲያ ሁለቱ ሲናከሱ ዝም ብለን እንይ ወይ? አይደለም። በመጀመሪያ ግን አሮጌው ለምን እንደሚቆጣ ማወቅ ይበጃል፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና። እኛ ይህን ውሻ ዓመታት ሙሉ ስናበላው የኖርነው ባዕድ ሲመጣ እንዲያባርርልን ነው። አሁን ባዕድ በበሩ ገብቶ ከምግቡና ከማደሪያው አጠገብ ተቀመጠ። ማንም «ይኼ የኛ ነው» ብሎ አላስረዳውም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ሥራውን ነው። በዚያ ላይ ያረጀ ውሻ መገጣጠሚያውን፣ ጥርሱን ወይም ጆሮውን ሊያመው ይችላል፤ የሚያመው ሰው ላዩ ላይ ሕፃን ሲዘልበት ምን እንደሚሰማው እናውቃለን። ከዚህ በፊት ደህና ጠባይ የነበረው ውሻ ድንገት ነካሽ ከሆነ ከመፍረድ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ተገቢ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ።

1ኛ፣ ቡችላው ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይወሰድ። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው መንከስ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድ የሚማረው። ያለ ጊዜው የተነጠለ ቡችላ የትልቅ ውሻ ቁጣ አይገባውም፤ ደጋግሞ ይተነኩሳል። አሮጌውም ክትባቱ ያላለፈበት መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

2ኛ፣ ከመተያየታቸው በፊት ይሻተቱ። ቡችላው የተኛበትን ጨርቅ ወይም ጆንያ አምጥቶ አሮጌው በሚተኛበት አጠገብ ማኖር፣ የአሮጌውንም ለቡችላው መስጠት ነው። ውሻ ሰውን በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው የሚለየው ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

3ኛ፣ የመጀመሪያው መገናኘት አሮጌው «የኔ ነው» ብሎ በሚጠብቀው ቦታ ላይ አይሁን። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ግን የባዘኑ ውሾች በሚውሉበት መንገድ መውረድ የለበትም። ስለሆነም ውሻ የሌለበትን የጎረቤት ግቢ ለግማሽ ሰዓት መለመን ጥሩ ነው። አሮጌው በገመድ ይያዝ፤ ገመዱ ግን ላላ ይበል። የተወጠረ ገመድ ውሻን ያስቆጣል። በሰንሰለት ታስሮ ያለ ውሻ አጠገብ ቡችላን ወስዶ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ መሸሽ እንደማይችል የሚያውቅ ውሻ ያለው ምርጫ መንከስ ብቻ ነው።

4ኛ፣ በብዙ ግቢዎች ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። አደጋው የሚደርሰውም ሰው ተኝቶ አሮጌው ሲፈታ፣ ቡችላውም ሜዳ ላይ ሲገኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡችላው ሌሊት ሌሊት ማድ ቤት ወይም ሰርቪስ ውስጥ ተዘግቶበት ይደር። ሰው በሌለበት ሁለቱን ብቻቸውን መተው አያስፈልግም።

5ኛ፣ ምግብ ለየብቻ፣ በየማዕዘኑ፣ በየራሳቸው ሳህን ይሁን። መጀመሪያ ለአሮጌው፣ ቀጥሎ ለቡችላው ይቅረብ። በተለይ የበዓል ሰሞን ጥንቃቄ ያሻል። ከርሞ ዶሮና በግ ሲታረድ አጥንቱን በአንድ ላይ ሜዳ ላይ መበተን ጠብ መዝራት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ ለሁለቱም ባይሰጥ ይሻላል።

6ኛ፣ አሮጌው ሲያጉረመርም አይመታ። ይህን ጠበቅ አድርገን ነው የምንናገረው። ማጉረምረም «ተው፣ ራቅ በል» የማለት ቋንቋው ነው፤ በካልቾ ከተከለከለ ሳያስጠነቅቅ መንከስን ይለምዳል። ቡችላውም በዚህ ቁጣ ሥርዓት ይማራል። ጣልቃ የሚገባው አሮጌው ይዞ የማይለቅ፣ የሚያርገፈግፍ ወይም ደም የሚያወጣ ከሆነ ነው። ያኔም እጅ መሐላቸው አይገባም፤ ውኃ መድፋት፣ ቆርቆሮ መምታት ወይም ጣውላ በመካከላቸው ማስገባት ይበቃል።

7ኛ፣ አሮጌው የራሱ ጊዜ ይኑረው። ቤቱ ሁሉ ቡችላውን ሲያቅፍ እሱን የሚያስታውሰው ሲጠፋ ነው ነገር የሚበላሸው። በቀን አሥር ደቂቃ ብቻውን ስሙን እየጠሩ መደባበስ፣ ቡችላው የማይደርስበት ማረፊያም ማዘጋጀት ይበቃዋል። ቡችላው አጠገቡ ሳለ ዝም ካለ «ጎሽ» ይባል፣ ቁራሽም ይሰጠው።

እነዚህ ነገሮች ባንድ ቀን ፍሬ አይሰጡም። አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ይለምዳል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈጃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ በአጥር ለይቶ ማኖር ይቻላል። ያም ካልሆነ ግን ሌላ ቤት ሊፈለግለት የሚገባው ቡችላው ነው። ቡችላን የሚወስድ አይጠፋም፤ የዘጠኝ ዓመት ውሻ የሚወስድ ግን ማን ነው?

«ኑሮው እንደዚህ በተወደደበት ጊዜ ሁለት ውሻ ማን ይቀልባል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። እውነት ነው፣ የምግቡ ነገር ቀላል አይደለም። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ሁለት መቀለብ የማይችል ሰው አሮጌው እስኪያልፍ ድረስ ቡችላ አያምጣ። ሒሳቡን ቡችላው ከመምጣቱ በፊት እንጂ ከመጣ በኋላ አሮጌው ላይ ማወራረድ ፍትሕ አይደለም። በተጨማሪም ቡችላዋ ሴት፣ አሮጌው ወንድ ከሆነ፣ ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ልትጠቃ ትችላለች፤ እርግዝናዋም 63 ቀን ያህል ነው። ባለቤት የሌላቸው ግልገሎች ደግሞ ቆሻሻ መጣያ ላይ እንዲገኙ ካልፈለግን፣ አቅም ያለው በጊዜው በሐኪም ያስመክን።

«ውሻ ውሻ ነው፣ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል» ለሚሉት የምናስታውሳቸው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በውሻ የተነከሰን ሰው «ፓስተር ውሰዱት» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1885 የእብድ ውሻ ክትባትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከሰጠው ከሉዊ ፓስተር ነው። ያንን ስም አያቶቻችን በከንቱ አልለመዱትም፤ መንገድ ላይ ባለ ባለቤት አልባ ውሻ የተነካ ቤት ብዙ ስለ ነበረ ነው። ማንም ሰው ቢነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ስለዚህ ለመላው ነዋሪ የምናቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው። ያረጀ ውሻውን ማንም ከግቢው አያስወጣ። ቡችላ የሚያመጣ ሰው ሁለቱንም ያስከትብ፤ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት ይሰጠው። ጎረቤት ግቢውን ለመተዋወቂያ ሲለምን እሺ ይባል። በሰፈራችን የጋራ የክትባት ቀን እንዲኖርም በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሐሳብ እናቀርባለንና በነቂስ ወጥታችሁ እንድትደግፉት አደራ እንላለን።

ሌሊት ተኝተን ያደርነው የነቃልን ስለ ነበረ ነው። አሁን እሱ ቢደክም ማረፊያ መስጠት የኛ ተራ ነው።