«ትንሽ ታገሺ!»

ሠርግ ወይም በዓል ሲቃረብ ፀጉር ቤቶቻችን እንዴት እንደሚጨናነቁ ታውቃላችሁ። አንዷ በቢጎዲን ይጠቀለልላታል፣ ሌላዋ ካስክ ውስጥ ገብታለች፣ ሌላዋ ሪላክሰር ተቀብታ ትጠብቃለች። «ኧረ አቃጠለኝ!» ስትል የምትሰማው መልስ ታዲያ «ትንሽ ታገሺ፣ ገና አልያዘም» ነው። የዛሬው ወሬያችን ስለዚህችው «ትንሽ ታገሺ» ነው።

ሪላክሰር ፀጉርን የሚያለሰልሰው የፀጉሩን የውስጥ ማያያዣ በኃይለኛ ኬሚካል በጣጥሶ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተደፈነ ቧንቧ ለመክፈትም ያገለግላል። «ኖ ላይ» የሚል የተጻፈበት ይህ ባይኖረውም እሱም ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ ሲያቃጥላችሁ ፀጉሩ «እየያዘ» ሳይሆን ቆዳችሁ እየተጎዳ ነው።

ኬራቲንስ? አንዳንዱ ፎርማልዴሃይድ፣ ወይም ሲሞቅ ፎርማልዴሃይድ የሚለቅ ነገር አለው። የጋለ የፀጉር ካውያ ሲነካው በእንፋሎት ይወጣል። ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዴሃይድን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው ፀጉር ሠሪዋም እኮ እህታችን ናት!

እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትለው ያገኙትን አሳትመዋል። ማለስለሻ ጨርሶ ካልተጠቀሙት ውስጥ እስከ 70 ዓመታቸው የማህፀን ካንሰር ይይዛቸዋል ተብሎ የተገመተው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ አዘውትረው ከተጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ ነው። ጥናቱ «ምክንያቱ ይሄ ነው» ብሎ አልደመደመም፤ የተጠቀመች ሁሉ ትታመማለች ማለትም አይደለም። ደጋግሞ መቀባትን ለመቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው።

እንግዲህ እነዚህን ያዙ፦

• ሪላክሰር ከመቀባታችሁ በፊት ራሳችሁን አትከኩ፤ ቁስል ካለ ቀጠሮውን ሰርዙት።

• የፀጉር ዳርና ጆሮ ላይ ቫዝሊን ይቀባ።

• ሲያቃጥል ሰዓቱን አትጠብቁ፣ ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ። ማፈር የለም!

• አዲስ የበቀለው ሥር ብቻ ይቀባ፤ ቢያንስ 8 ሳምንት ይቆይ።

• ኬራቲን ሲሠራ መስኮት ይከፈት፤ ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ «ፎርማሊን» ወይም «ሜቲሊን ግላይኮል» ካለ ይቅርባችሁ።

ለትንንሽ ልጆችስ? «ፀጉሯ አስቸገረኝ» ብላችሁ ሪላክሰር አትቀቧቸው። እርጥብ እያለ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሮ ማፍታታት፣ ቅባት መቀባት፣ ሹሩባ መሥራት ይበቃል። ሹሩባውም ግንባር እስኪወጠር አይጥበቅ፤ ሁልጊዜ የሚጎተት ፀጉር ከዳር እየተመለጠ ይሄዳል።

መዋብ ደስ ይላል፣ ማንም አይከለክላችሁም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን «ትንሽ ታገሺ» ስትባሉ፣ «አልታገስም፣ እጠቢልኝ!» በሉ። ሰላም ሁኑ!